የጉዞ መጽሐፍ ስትገዙ ከፎቶው በፊት የታተመበትን ዓመት እዩ

አስጎብኚ ድርጅት ሳትይዙ በራሳችሁ ውጭ አገር ልትሄዱ ነው እንበል። ቪዛ ተመትቷል፣ ትኬት ተቆርጧል። የቀረው የት እንደምታድሩ፣ ከኤርፖርት በምን እንደምትወጡና ምን እንደምታዩ ማወቅ ነው። ስልክ አለ፣ እውነት ነው። ግን ባትሪ ሲያልቅና ኔትዎርክ ሲጠፋ ቦርሳ ውስጥ ያለ ጥሩ መጽሐፍ ያድናል። አስቸጋሪው ጥሩውን መለየት ነው፤ መደርደሪያ ላይ ሁሉም ያምራሉ።

እኔ መጀመሪያ ኢስታንቡል ስሄድ ከዘመድ የተዋስኩት ወፍራም መጽሐፍ ይዤ ነበር። ካርታውን ተከትዬ፣ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ዳገቱን ጨርሼ ስደርስ፣ «ርካሽና ንጹሕ» የተባለው ማደሪያ የጫማ ሱቅ ሆኗል። መሽቷል፣ ዝናብ አለ። መጽሐፉ የታተመበትን ዓመት ያየሁት ሌላ ማደሪያ አግኝቼ አልጋ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ሰባት ዓመት አልፎታል።

ስለዚህ መጽሐፉን ስታነሱ መጀመሪያ የምትገልጡት የኅትመት መረጃ ያለበትን ገጽ ይሁን። እዚያ ላይ አዲስ እትም እና ዳግም ኅትመት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዳግም ኅትመት ማለት ያው የድሮው ጽሑፍ እንደገና ታተመ ማለት ነው፤ ዓመቱ አዲስ ቢመስልም ውስጡ አሮጌ ነው። አዲስ እትም ቢሆንም እንኳ ጸሐፊው ከተማውን የዞረው መጽሐፉ ከመውጣቱ ቢያንስ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። ይህን አስቡበት።

ዓመቱ ለምን እንዲህ እንደሚያሳስበኝ በኢስታንቡል ላሳያችሁ። በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2019 መንገደኛ የሚያመላልሱ በረራዎች ከአታቱርክ ኤርፖርት ወደ አዲሱ ኢስታንቡል ኤርፖርት ተዛወሩ። ወደ አዲሱ ኤርፖርት የሚወስደው ሜትሮ የተከፈተው በጥር 2023 ነው። ጥንታዊዋ ሕንፃ አያ ሶፊያ በሐምሌ 2020 ከሙዚየምነት ወደ መስጊድነት ተመለሰች፤ ከጥር 2024 ጀምሮ ደግሞ የውጭ አገር ጎብኚ 25 ዩሮ ከፍሎ ላይኛውን ፎቅ ነው የሚያየው። የቱርክ ገንዘብ ሊራም አለ። በ2018 መጀመሪያ አንድ ዶላር ከ4 ሊራ በታች ነበር፣ በ2024 ከ30 በላይ ሆነ። እናም አታቱርክ ላይ የሚያሳርፋችሁ፣ አያ ሶፊያን ሙዚየም የሚል፣ ዋጋ በሊራ ብቻ የሚጽፍ መጽሐፍ ካጋጠማችሁ፣ በነፃም ቢሰጧችሁ ለታሪኩ ብቻ አንብቡት። የታሪክ ምዕራፍ ቶሎ አያረጅም።

ሁለተኛው ፈተና የኔ ተወዳጅ ነው። ያው አሳታሚ ስለ ኢትዮጵያ ያወጣውን መጽሐፍ ፈልጉና የምታውቁትን ቦታ አንብቡ። ሰዓታችን ከንጋት እንደሚቆጠር፣ «አውቶቡሱ 2 ሰዓት ይነሳል» የተባለ እንግዳ በፈረንጅ 8 ሰዓት ጠዋት መድረስ እንዳለበት ይነግራል? ረቡዕና ዓርብ ብዙ ቤት የጾም ምግብ እንደሚገኝ ያውቃል? የድሮ ፒያሳ ብዙው በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል፤ ከዚያ በኋላ የወጣ እትም ሆኖ ምንም ሳይለወጥ እየገለጸው ከሆነ ጸሐፊው አልመጣም ማለት ነው። ስለ ሰፈራችሁ የገለበጠ አሳታሚ ስለ ሰው ሰፈርም ሊገለብጥ ይችላል። ይህን ፈተና ከሽፋኑ ምስጋና ሁሉ በላይ አምነዋለሁ።

ቀጥሎ መጽሐፉ ለማን እንደተጻፈ ጠይቁ። በፈረንጆቹ 1973 የተጀመረው አሳታሚ ሎንሊ ፕላኔት መነሻው በትንሽ ገንዘብ ሩቅ የሚጓዝ ሰው ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ የመጣው ብራድት ሌሎቹ በሚዘሏቸው አገሮች፣ በተለይ በአፍሪካ ይበረታል። ራፍ ጋይድስ ታሪክና ባህል ለሚወድ ይስማማል። ዲኬ አይዊትነስ ሥዕሉ ድንቅ ነው፣ የሕንፃዎችን ውስጥ ፈልቅቆ ያሳያል፤ ግን አውቶቡስ ለሚጠብቅ ሰው ብዙ አይረዳም። በራሱ ለሚጓዝ ሰው እኔ ጽሑፍ የበዛበትን እመርጣለሁ።

ከእነዚህ አንዱም ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘን ሰው አስቦ አልተጻፈም። «ቪዛ አያስፈልግም» ወይም «ኦንላይን ይገኛል» የሚለው ገጽ ባብዛኛው ለእንግሊዝና ለአሜሪካ ዜጋ ነው። የትራንዚቱም እንዲሁ። የቪዛውን ጉዳይ ከኤምባሲው ብቻ አጣሩ። «ርካሽ» የሚለውም ቃል በአውሮፓ ኪስ የተለካ ነው፤ መጽሐፉ መግቢያ ላይ አንዷ የዶላር ምልክት እስከ ስንት እንደሆነች ተጽፏል፣ በብር አባዙና ፍረዱ።

ጾም የምትጾሙ ከሆነ ሌላ ነገር አለ። «ቬጀቴሪያን» የሚለው ምልክት እንቁላልና አይብ ይጨምራል። «ቬጋን» (ከእንስሳት የሚገኝ ምንም የሌለበት) የሚለውን ለይቶ የሚያሳይ መጽሐፍ ፈልጉ። የኢስታንቡል መጽሐፍ ከሆነ የምግብ ምዕራፉ ላይ ዘይቲንያሊ የሚባሉትን፣ በወይራ ዘይት የሚሠሩ አትክልቶች፣ ካላብራራ ለጿሚ አይበቃም። እርጎ ጎን ላይ ሊመጣ ይችላል፣ አስቀድማችሁ ከልክሉ።

ካርታውን በጽሑፉ ፈትኑት። አንድ ስም ከጽሑፉ አንሱና ካርታው ላይ ፈልጉ፤ አንድ ደቂቃ ውስጥ ካላገኛችሁት ዝናብ ላይ ቆማችሁም አታገኙትም። የካርታው ልኬት መጻፉን እዩ። መጽሐፉ ጎብኚ ከሚበዛበት፣ አያ ሶፊያ ካለችበት ሱልጣን አህመድ ሰፈር ውጭ መውጣቱንም እዩ። ዕቃ ሊያመጡ የሚሄዱ ነጋዴዎቻችን የሚያውቁት ላለሊና አክሳራይ የተባሉ ሰፈሮች በሱልጣን አህመድ በሚያልፈው ትራም መስመር ላይ ናቸው፣ ጥቂት ፌርማታ ነው የሚርቁት። ብዙ መጽሐፍ ግን በአንድ መስመር ጽሑፍ ያልፋቸዋል።

አዲስ እትም ውድ ነው፤ ውጭ አገር ከሃያ ዶላር በላይ ሊሆን ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት የኤሌክትሮኒክስ ቅጂውን የመጀመሪያ ገጾች በነፃ አውርዳችሁ አንብቡ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ የእትሙን ዓመት ጽፋችሁ ላኩለት፤ «የኢስታንቡል መጽሐፍ አምጣልኝ» ካላችሁት በቅናሽ ያገኘውን አሮጌ ያመጣል።

መጽሐፉ እጃችሁ ከገባ በኋላ ከኤርፖርት መውጫውን፣ የሰፈራችሁን ካርታና የድንገተኛ ስልክ ቁጥሮቹን ገጽ ፎቶ አንሱ። የማደሪያችሁን ስምና አድራሻ በቱርክኛ ፊደል በወረቀት ገልብጡና ፓስፖርታችሁ ውስጥ አድርጉት። ታክሲ ነጂው የሚያነበው እሱን ነው።