የአደን ጠመንጃ አፈሙዝ ስንት ኢንች ይሁን?

አሜሪካ ውስጥ ጠመንጃ መሸጫ ሲገቡ አንዱ ሞዴል በ16፣ በ20፣ በ22 እና በ24 ኢንች አፈሙዝ ተደርድሮ ያገኙታል። ሻጩ ከመደርደሪያ የሚያወርድልዎት ደግሞ ብዙ ጊዜ ለእርስዎ የሚስማማውን ሳይሆን እጁ ላይ ያለውን ነው። ስለዚህ ከቤት ሳይወጡ ሦስት ነገር ይወስኑ፦ የትኛውን ጥይት ይተኩሳሉ? አውሬው ላይ በእርግጥ ከስንት ሜትር ይተኩሳሉ? ድምፅ ማፈኛ ይገጥማሉ ወይስ አይገጥሙም? ርዝመቱ የሚወጣው ከእነዚህ ነው።

“ረጅም አፈሙዝ አይስትም” የሚለው እምነት መነሻ አለው። በብረት ማነጣጠሪያ ሲታለም የፊተኛውና የኋለኛው ማነጣጠሪያ በተራራቁ መጠን የዓይን ስሕተት ያንሳል። መነጽር የታሰረበት ጠመንጃ ላይ ግን ይህ ጥቅም የለም። እንዲያውም ውፍረታቸው እኩል ከሆነ አጭሩ አፈሙዝ ይበልጥ ግትር ነው፤ ጫፋቸው ላይ እኩል ክብደት ቢንጠለጠል ባለ 20 ኢንቹ የሚጎብጠው ባለ 24ቱ ከሚጎብጠው 58 በመቶ ያህሉን ነው። ጥይቶች ኢላማ ላይ ተራርቀው ሲያርፉ በቅድሚያ የሚጠረጠሩት የተጎዳ የአፈሙዝ ጫፍ፣ የላላ የመነጽር ብሎን እና ጠመንጃው የማይስማማው ጥይት ናቸው።

ርዝመት የሚገዛው ፍጥነትን ነው

የባሩዱ ጋዝ አረሩን የሚገፋው አረሩ አፈሙዙ ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። አፈሙዙ ሲረዝም መገፊያው ጊዜ ይረዝማል፤ ጋዙ ግን እየሰፋ በሄደ ቁጥር ጉልበቱ ስለሚወርድ እያንዳንዱ ተጨማሪ ኢንች ከፊተኛው ያነሰ ፍጥነት ይሰጣል። ቀለሁ ውስጥ ብዙ ባሩድ ካለና የአረሩ ውፍረት ቀጭን ከሆነ ርዝመት ይከፍላል፤ ባሩዱ ጥቂት ከሆነ ቶሎ ያበቃል። ትንሿ .22 ሎንግ ራይፍል ጥይት ከ16 ኢንች ካለፈች በኋላ የምታተርፈው ነገር የለም ማለት ይቻላል።

አፈሙዙ በአንድ ኢንች ሲያጥር የሚጠፋው ፍጥነት፣ በየጥይቱ ዓይነት ስም፣ በግምት ይህን ያህል ነው፦ .30-30 እና .350 ሌጀንድ ላይ በሴኮንድ ከ10 እስከ 15 ጫማ፣ .308 ላይ ከ20 እስከ 25፣ .270 እና .30-06 ላይ ወደ 25፣ ማግነሞች (ብዙ ባሩድ የሚይዙ ኃይለኛ ጥይቶች) ላይ ከ25 እስከ 40። ጫማ የተጠቀምነው የጥይት ሣጥን ላይ የሚታተመው እሱ ስለሆነ ነው፤ ወደ ሜትር ለመቀየር በ0.3 ያባዙት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሣጥኑ ላይ ያለው ፍጥነት የተለካው ፋብሪካው በሚጠቀምበት የመፈተሻ አፈሙዝ ነው፤ ለአብዛኞቹ የአደን ጥይቶች ይህ 24 ኢንች ነው። .30-30ን ይውሰዱ። ባለ 150 ግሬን (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው) አረሩ ሣጥኑ ላይ በሴኮንድ 2390 ጫማ ይላል፤ ባለ ማንሻው የ.30-30 ጠመንጃ ግን በብዛት የሚሸጠው በ20 ኢንች አፈሙዝ ስለሆነ ገዢው ያንን ፍጥነት አያየውም። ቁጥሩን እንዳለ ስልኩ ላይ ያለው የጥይት ማስያ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ሩቅ ላይ ዝቅ ብሎ ይመታል።

ስሌቱ በአንድ ምሳሌ

ከ.308 ጋር እንሥራው። ተራው ባለ 150 ግሬን የአደን ጥይት ከ24 ኢንች አፈሙዝ በሴኮንድ 2820 ጫማ ይዞ ይወጣል፤ ይህም 860 ሜትር ነው። በ20 ኢንች ወደ 2730፣ በ16.5 ኢንች ወደ 2640 ጫማ ይወርዳል። ጥያቄው “ቀነሰ ወይ?” አይደለም፤ መቀነሱማ የታወቀ ነው። ጥያቄው አረሩ አውሬው ጋ ሲደርስ ለመከፈት የሚበቃ ፍጥነት ቀርቶታል ወይ ነው። ሳይከፈት የሚያልፍ አረር ቀጭን ቀዳዳ ብቻ ትቶ ይወጣል፤ አውሬውም ቆስሎ ሩቅ ይሄዳል።

1. የመረጡት አረር ለመከፈት የሚፈልገውን ዝቅተኛ ፍጥነት ከአምራቹ መረጃ ያግኙ። ውስጣቸው እርሳስ ሆኖ መዳብ የለበሱት ተራ የአደን አረሮች አብዛኛውን ጊዜ 1800 ጫማ አካባቢ ይበቃቸዋል፤ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠሩት ብዙዎቹ 2000 ይፈልጋሉ።

2. የሣጥኑን ፍጥነት ይያዙና ለሚያጥርብዎ ለእያንዳንዱ ኢንች ከላይ ያለውን ቁጥር ይቀንሱ።

3. በአዲሱ መነሻ ፍጥነት የጥይት ማስያውን ከፍተው አረሩ ዝቅተኛው ፍጥነት ላይ የሚደርስበትን ርቀት ያንብቡ። በእኛ ምሳሌ ባለ 24ቱ ወደ 350 ሜትር፣ ባለ 20ው ወደ 325፣ ባለ 16.5ቱ ወደ 295 ሜትር ላይ 1800 ጫማን ይነካሉ። ለዚህ ጥይት አንድ ኢንች ማሳጠር የሚያስከፍለው ከ7 እስከ 8 ሜትር ነው ማለት ነው።

4. ያንን ርቀት ሜዳ ላይ በእርግጠኝነት ከምትመቱበት ርቀት ጋር ያነጻጽሩ። ከጠረጴዛ ሳይሆን ተንበርክኮ ወይም በዱላ ተደግፎ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ሰሃን ላይ አምስቱንም ጥይት የሚያሳርፉበት የመጨረሻው ርቀት ስንት ነው? የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ስፍራ ያንን ያህል ነው።

አብዛኛው አዳኝ አራተኛውን እርምጃ በሐቅ ከሠራው መልሱ ከ200 ሜትር በታች ይወጣል። ያኔ የ24 እና የ20 ኢንች ክርክር ትርጉም ያጣል። በ200 ሜትር የተስተካከለ መነጽር ይዘው 300 ሜትር ላይ ቢተኩሱ እንኳ የሁለቱ የመውረድ ልዩነት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው።

ማግነም ላይ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። .300 ዊንቸስተር ማግነም ባለ 180 ግሬኑን በ24 ኢንች ወደ 2960 ጫማ ያስወነጭፋል፤ .30-06 ያንኑ አረር ወደ 2700። ብልጫው 260 ጫማ ነው። ማግነሙን ወደ 20 ኢንች ሲያሳጥሩት 120 ያህሉ ይሄዳል። ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ብልጫ ጠፋ፤ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ግፊያና የባሩዱ ዋጋ ግን አልቀነሰም፤ ጩኸቱ ደግሞ ጨመረ። አጭር ማግነም ከመግዛት .30-06 መግዛት ይሻላል።

ከዚህ ተነሥቶ፣ ያለ ድምፅ ማፈኛ፣ ምርጫችን ይህ ነው፦

- .30-30፣ .350 ሌጀንድ፣ .450 ቡሽማስተር፦ ከ16 እስከ 20 ኢንች
- .308፣ 6.5 ክሪድሞር፦ ከ20 እስከ 22
- .243፣ .270፣ .30-06፦ 22፤ ሜዳ ላይ ለሚያድን 24
- 7 ሚሊ ሜትር ሬሚንግተን ማግነም፣ .300 ዊንቸስተር ማግነም፦ 24፤ 26 ከተሸከሙት ይሸከሙት

ከፍ ያለ ቦታ ላይ

ኮሎራዶ ተራራ ላይ ኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዘር) የሚያድን ሰው “ሩቅ ስለሚተኮስ ረጅም ያስፈልጋል” ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። በ3000 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ይሳሳል፤ አረሩን የሚጎትተው ስለሚያንስ ፍጥነቱን ረጅም መንገድ ይዞ ይሄዳል። ከላይ ያየነው ባለ 20 ኢንች .308 እዚያ ከፍታ ላይ 1800 ጫማን የሚነካው ከ400 ሜትር በኋላ ነው፤ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ካለው ባለ 24 ኢንች ይበልጣል። የባሌና የአርሲ ተራሮችም ጸባይ ይኸው ነው፤ በኮታና በመንግሥት ፈቃድ ብቻ ደጋ አጋዘን በሚታደንበት በዚያ ከፍታ ከገደል ማዶ መተኮስ የተለመደ ቢሆንም፣ ቀኑን ሙሉ አስታ ውስጥ ሽቅብ የሚወጣ ሰው የሚያማርረው ስለ ክብደት እንጂ ስለ ጎደለ ኢንች አይደለም።

ክብደቱን ለሚያሰላ፦ ጫፉ ላይ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ቀጭን አፈሙዝ በኢንች ወደ 30 ግራም፣ 23 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ወፍራም ደግሞ ወደ 70 ግራም ይመዝናል። ቀጭኑን በአራት ኢንች ማሳጠር የሚያቀልልዎት 120 ግራም ነው። ክብደት ለመቀነስ ካሰቡ ከርዝመቱ በፊት ውፍረቱን ይዩ።

ድምፅ ማፈኛ ካለ

የዛሬ ምርጫ ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ይወሰናል። ባለ 22 ኢንች .308 ጠቅላላ ርዝመቱ ወደ 107 ሴንቲ ሜትር ነው። 18 ሴንቲ ሜትር ማፈኛ ሲጨመርበት 125 ይሆናል፤ ይህ ከዛፍ ላይ መቀመጫ ሲሽከረከሩ ቅርንጫፍ የሚገጭ፣ ከመኪና ሲወርዱ በር የሚይዝ ርዝመት ነው። በ24 ኢንች 130 ይደርሳል። በ18 ኢንች ደግሞ 115 አካባቢ። ማፈኛ እንደሚገጥሙ ካወቁ ለ.308 እና ለመሰሎቹ ከ18 እስከ 20 ኢንች ይግዙ፤ ጫፉ ከፋብሪካ ማፈኛ የሚጠመዘዝበት ጥርስ የወጣለት መሆኑን ያረጋግጡ።

ሳይገዙ መሞከሪያ ዘዴ አለ። የመጥረጊያ እንጨት ልክ ባሰቡት ጠቅላላ ርዝመት ይቁረጡ፤ ቁመቱ ላይ የአፈሙዙን መጀመሪያ በፕላስተር ምልክት ያድርጉ። የክረምት ካፖርትዎን ለብሰው የሚያድኑበት መቀመጫ ወይም መሸሸጊያ ድንኳን ውስጥ ይቀመጡና እንጨቱን ትከሻ ላይ አድርገው ከግራ ወደ ቀኝ ያዙሩ። የት እንደሚጋጭ በአንድ ደቂቃ ያውቃሉ።

ይኸው ሙከራ አጭር አፈሙዝ የሚያመጣውን ጣጣም ያሳያል። ድንኳን ውስጥ ሲተኮስ የአፈሙዙ ጫፍ ከመስኮቱ ውጭ መውጣት አለበት። 16 ኢንቹ ውስጥ ከቀረ ፍንዳታው ድንኳኑ ውስጥ ይታፈናል፤ አጠገብ የተቀመጠው ጓደኛም ጆሮው ይጎዳል። ያለ ማፈኛ የ.308 ድምፅ ለጆሮ አደገኛ ከሆነው 140 ዴሲቤል በብዙ ያልፋል፤ ባጠረ ቁጥር የሚወጣው ጋዝ ግፊቱ ከፍ ያለ፣ ጫፉም ለፊት የቀረበ ይሆናል። ማፈኛ ለማይገጥም ሰው በ.308 እና በመሰሎቹ ከ20 ኢንች በታች እንዲወርድ የማንመክረው በዋናነት ለዚህ ነው።

ልኬትና ሕግ

ያገለገለ ጠመንጃ ሲገዙ የሻጩን ቃል አይመኑ፤ ይለኩ። ካዝናውን አውጥተው የማጉረሻው ክፍል ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። ቦልቱን (የማጉረሻውን መዝጊያ) ይዝጉ። ቀጭን እንጨት ከጫፉ አስገብተው የቦልቱን ፊት እስኪነካ ይግፉት፣ ከጫፉ ጋር እኩል ላይ ምልክት አድርገው ያውጡና ይለኩት። የአፈሙዝ ርዝመት የማጉረሻውንም ክፍል ይጨምራል። በብሎን የሚፈታ ማፈኛ ወይም የግፊያ መቀነሻ አይቆጠርም፤ በቋሚነት የተበየደ ግን ይቆጠራል።

በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አፈሙዙ ከ16 ኢንች ያነሰ ወይም ጠቅላላ ርዝመቱ ከ26 ኢንች ያነሰ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው ብሔራዊ የጦር መሣሪያ ሕግ ውስጥ ይገባል፤ ሳይመዘገብ መያዝ ወንጀል ነው። ማፈኛም ምዝገባ ይፈልጋል፤ ለአደን መጠቀም ይፈቀድ እንደሆነም ግዛቱ ይወስናል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጠመንጃ መግዛት ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ግን በመርሕ ደረጃ የተከለከለ ሲሆን የጸና የአደን ፈቃድ መያዝ ከሕጉ የተለዩ ሁኔታዎች አንዱ ነው። በቪዛ ያላችሁ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ጠበቃ ጠይቁ።

ረጅም ገዝቶ በኋላ ማስቆረጥ ይቻላል፤ ግን ሥራው የባለሙያ ነው። ጫፉ ከቀዳዳው መሐል ጋር ፍጹም ቀጥ ብሎ መቆረጥ አለበት። በአንድ በኩል ትንሽ ከዘመመ ጋዙ በዚያ በኩል ቀድሞ ይወጣና አረሩን ገና ሲለቅ ያዘነብለዋል፤ ይኼኔ ነው ጥሩ ጠመንጃ በድንገት ጥይቱን ኢላማ ላይ መበተን የሚጀምረው። ባለሙያው ከ16 ኢንች ግማሽ ኢንች ያህል ትርፍ እንዲተው ይጠይቁ።

ገዝተው ካበቁ በኋላ የፍጥነት መለኪያ ተውሰው በሚያድኑበት ጥይት አሥር ጊዜ ይተኩሱ። ርዝመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት አፈሙዞች በሴኮንድ እስከ 50 ጫማ ሊበላለጡ ይችላሉ፤ ፈጣኑ ባለ 22 ኢንች ዘገምተኛውን ባለ 24 የሚቀድምበት ጊዜ አለ። አማካዩን ሰደፉ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይጻፉት፤ የጥይት ማስያውም ውስጥ የሚገባው ይኸው ቁጥር ነው።