ፒኤችፒ ሞቷል ሲሏችሁ

«ፒኤችፒኮ ሞቷል፤ ሳይትህን በአዲስ ልሥራልህ» የሚል ልጅ ሲመጣ ቶሎ ቀብድ አትክፈሉ። ፒኤችፒ ሳይት የሚሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። የሳይት መሥሪያው ዎርድፕረስም ዊኪፒዲያም ዛሬም በሱ ነው የሚሠሩት።

መጀመሪያ ሳይታችሁ የሚሠራበትን የፒኤችፒ ቨርዥን እዩ። ሆስቲንጋችሁ (ሳይቱ የተቀመጠበት የኪራይ ሰርቨር) ሲፓነል የሚባለው መቆጣጠሪያ ገጽ ካለው እዚያው ታገኙታላችሁ። 5.6 ከሆነ የደህንነት ጥገናው በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ቆሟል። 7.4ም በ2022 እ.ኤ.አ. አብቅቶለታል። ስለዚህ ጥገናው ገና ወዳልቆመ የ8 ቨርዥን ውጡ።

ግን ዋናውን ሳይት በቀጥታ እንዳትነኩ! ባክአፕ ያዙ፣ ኮፒ አውጡ፣ እሱ ላይ ሞክሩ። እኔ የአንድ መለዋወጫ ሱቅ ሳይት ዓርብ ማታ ዘልዬ ቨርዥኑን ቀየርኩና ነጭ ገጽ ላይ አፍጥጬ አደርኩ። ባለሱቁ ደግሞ በየሰዓቱ ይደውላል። ለካ እንደ ማይኤስኪውኤል ኮኔክት ያሉት፣ ሳይቱን ከዳታቤዝ የሚያገናኙ የድሮ ፈንክሽኖች (ትእዛዞች) ከቨርዥን 7 ጀምሮ ከቋንቋው ወጥተዋል። ዛሬም በሚሠራው የዳታቤዝ መገናኛ በፒዲኦ ተካኋቸው፣ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ፓስወርዶቹም በቀላሉ በሚሰበረው የድሮ ዘዴ በኤምዲ5 ነበር የተቀመጡት፤ እነሱንም ፓስወርድ ሃሽ ወደሚባለው የተሻለ የፒኤችፒ ፈንክሽን አዞርኩ።

የአማርኛ ሳይት ካላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኮምፒውተር ፊደል በሚያስቀምጥበት ዘዴ በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስትርሌን የሚባለው ፈንክሽን ባይት ስለሚቆጥር «ሰላም»ን 9 ይላችኋል። ጽሑፍ በሚቆርጠው ፈንክሽን በሰብስትር ርዕስ ስትቆርጡም ፊደሉ ለሁለት ይሰነጠቅና መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ስማቸው በኤምቢ የሚጀምረውን፣ ባይት ሳይሆን ፊደል የሚቆጥሩትን ፈንክሽኖች ተጠቀሙ።

የቀጥታ ቻት ልትሠሩ ከሆነ ግን እኔም ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ የሚያሠራውን ኖድ ጄኤስን ነው የምመርጠው። ለሱቅ፣ ለዜና፣ ለዕድር ሳይት ፒኤችፒ ይበቃችኋል። ሆስቲንጉም ርካሽ ነው።