የእግር ደም መላሽ ስርን በመርፌ ቀዳዳ ማከም፦ በጅማና በዙሪያው ላሉ ታካሚዎች

እግርዎ ማታ ማታ እየከበደ ቁርጭምጭሚትዎ የሚያብጥ፣ ሲነጋ ደግሞ ቀለል የሚል ከሆነ፣ በጭን ወይም በባት ላይም የተጠማዘዙ ስሮች ከታዩ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ በደም መላሽ ስር ውስጥ ያሉት ቫልቮች (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉት በሮች) መላላታቸው ነው። ወደ ልብ መውጣት ያለበት ደም ወደ ታች ይመለሳል። ግፊቱ ሲቆይ የቁርጭምጭሚት ቆዳ ይጠቁራል፣ ይደድራል፣ በመጨረሻም ከውስጠኛው በኩል ቁስል ይከፈታል። ቀድሞ የተበላሸው ስር በቀዶ ሕክምና ተጎትቶ ይወጣ ነበር። አሁን በመርፌ ቀዳዳ ተገብቶ እዚያው ይዘጋል፤ ደሙም በጡንቻ መካከል ባለው ጥልቅ ስር በኩል ይወጣል።

አስቀድሞ ግን እብጠቱ ከምን እንደመጣ ይለይ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው ዝሆኔ ብዙ ሰው ያጠቃል፣ እሱን ደግሞ ስር መዝጋት አይፈውሰውም። ዝሆኔ ከእግር መዳፍና ከጣቶች ይጀምራል፤ የደም መላሽ ስር እብጠት ከቁርጭምጭሚት ይጀምርና ጣቶችን ብዙ ጊዜ አይነካም። ከአውራ ጣት ቀጥሎ ያለውን የእግር ጣት ከስሩ በኩል ቆንጥጠው ቆዳውን ለማንሳት ይሞክሩ። አልነሳም ካለ ወደ ዝሆኔ ያመዝናል። ሁለቱ አብረው የሚገኙበት ጊዜም ስላለ ለሐኪሙ ይንገሩት።

ምርመራው ላይ አይቸኩሉ

ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የቀዶ ሕክምና ክፍል መጀመር ይቻላል። የሚያስፈልገው ምርመራ የእግር ደም መላሽ ስሮች ዶፕለር አልትራሳውንድ (የደም ፍሰትን የሚያሳይ) ነው፤ የደም መመለሱ የሚለካውም ቆመው ነው። ክብደትዎን በሌላው እግር ላይ ጥለው ሲቆሙ ባለሙያው ባትዎን ጨምቆ ይለቃል። ደሙ ከ0.5 ሰከንድ በላይ ወደ ታች ከፈሰሰ ለቆዳ የቀረበው ስር ተበላሽቷል ማለት ነው። ተኝተው ብቻ ከተመረመሩ የሚያፈሰው ስር ጤነኛ መስሎ ሊያልፍ ይችላል።

ውጤቱ ላይ እነዚህ መጻፋቸውን ያረጋግጡ፦ ጥልቁ ስር ክፍት መሆኑ፣ የትኛው ስር ከየት ጀምሮ እንደሚያፈስ፣ ውፍረቱ በሚሊ ሜትር፣ ቀጥ ያለ ወይም የተጠማዘዘ መሆኑ። ጥልቁ ስር ላይ አዲስ የደም መርጋት ካለ፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ወይም መራመድ የማይችሉ ከሆነ ሕክምናው አይደረግም። የእግር ትርታዎም ይለካ፣ በተለይ ስኳር ካለብዎት፤ ደም ወሳጁ ስር በጠበበ እግር ላይ ከሕክምናው በኋላ የሚለበሰው አጥባቂ የላስቲክ ካልሲ እግሩን ይጎዳል።

በሙቀት መዝጋት

ለቀጥተኛው ረጅም ስር ይመረጣል። ቆመው ስሩ በስክሪብቶ ይሰመራል። ከዚያ ተኝተው በአልትራሳውንድ እየታየ ጉልበት አካባቢ በመርፌ ይገባና ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ ወደ ብሽሽት ይገፋል። ጫፉ ከጥልቁ ስር መገናኛ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መቆም አለበት፤ ከተጠጋ የደም መርጋት ወደ ጥልቁ ስር ሊዘልቅ ይችላል።

የሥራው ልብ በስሩ ዙሪያ የሚወጋው የማደንዘዣ ውሃ ነው። የተለመደው ቅመራ 50 ሚሊ ሊትር ባለ 1 በመቶ ሊዶካይን በ450 ሚሊ ሊትር ሳላይን (የጨው ውሃ) ውስጥ ሲሆን፣ ጥቂት አድሬናሊንና እንዳያቃጥል ባይካርቦኔት ይጨመርበታል። ይህ ውሃ ያደነዝዛል፣ ስሩን በካቴተሩ ላይ ያጣብቃል፣ ቆዳውንም ከሙቀቱ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ያርቃል። ካነሰ ቆዳ ይቃጠላል። ስሩ በደንብ ካልጠበበም ግድግዳው ሳይሆን ውስጡ ያለው ደም ይረጋና በወራት ውስጥ ተመልሶ ይከፈታል። አልጋው ወደ ራስ በኩል የሚዘቀዝቀው ለዚሁ ነው፣ ደሙ ከእግር እንዲወጣ።

በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራው ካቴተር 7 ሴንቲ ሜትሩን ክፍል በ120 ዲግሪ ለ20 ሰከንድ ያሞቃል፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ይወርዳል፤ ብሽሽት አጠገብ ያለው ክፍል ሁለት ጊዜ ይሞቃል። ሙቀቱ በሌዘር ከሆነ ደግሞ ሌዘሩ ቀስ እየተባለ ይጎተታል፣ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ መከላከያ መነጽር ያደርጋል። ከጉልበት በታች ነርቭ ከስሩ ጋር ተጠግቶ ስለሚሄድ እዚያ ማሞቅ መደንዘዝ ሊያስከትል ይችላል።

በአረፋ መዝጋት

ለተጠማዘዘ ስርና ተመልሶ ለመጣ ችግር ይሻላል፤ ከአልትራሳውንድ ሌላ ውድ መሣሪያም አይፈልግም። 1 እጅ የስር መዝጊያ መድኃኒትና 4 እጅ አየር በተያያዙ ሁለት ሲሪንጆች መካከል 20 ጊዜ ያህል እየተመላለሰ አረፋ ይሆናል። ወዲያው መወጋት አለበት፣ ከቆየ አረፋው ይፈርሳል። በአንድ ቀጠሮ ከ10 ሚሊ ሊትር ባይበልጥ ይመረጣል። ማይግሬን ካለብዎት ወይም የልብ ቀዳዳ እንዳለብዎት ከተነገረዎት አስቀድመው ይናገሩ፤ ከአረፋው በኋላ ለአጭር ጊዜ ዓይኑ ብዥ የሚልበት ሰው አለ። ቀጠሮው ከአንድ በላይ ሊሆን ይችላል።

ቁስል የተከፈተበት ሰው ቁስሉ እስኪድን ልጠብቅ አይበል። በ2018 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ስራቸው ቶሎ የተዘጋላቸው ታካሚዎች ቁስል በመካከለኛ ግምት በ56 ቀን፣ የዘገየባቸው ደግሞ በ82 ቀን መዳኑን አሳይቷል። ሁለቱም ወገኖች በፋሻ ይጠመጠምላቸው ነበር።

ካልሲውና ከሕክምና በኋላ

ካልሲውን አስቀድመው ይግዙ። ልኩ የሚወሰደው ጠዋት እግር ሳያብጥ ነው፦ ቁርጭምጭሚት ከሁሉ በቀጠነበት፣ ባት በወፈረበት፣ ጭን ከብሽሽት ዝቅ ብሎ። ሲለብሱ እስከ ተረከዙ ገልብጠው መጀመሪያ መዳፉን ያስገቡ፤ የላስቲክ ጓንት ካደረጉ ጨርቁ አያንሸራትትም። ላይኛውን ጠርዝ አይጠቅልሉት፣ እንደ ገመድ ያንቃል። በጅማ ክረምት ልብስ ቶሎ ስለማይደርቅ ሁለት ጥንድ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ከሰል ላይ ማድረቅ ላስቲኩን ይገድለዋል።

ከአልጋ እንደተነሱ 20 ወይም 30 ደቂቃ ይራመዱ፣ በየቀኑም ይቀጥሉ። ጭኑ ላይ ገመድ የመሰለ መወጠርና መበለዝ ለጥቂት ሳምንታት የተለመደ ነው። ከባድ ጆንያ አይሸከሙ። ሕክምናው አዲስ አበባ ከተደረገ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን የጅማ መንገድ በማግስቱ አይጀምሩት። ከሕክምናው በኋላ የሚደረገው የአልትራሳውንድ ቁጥጥር ካለቀ ይመለሱ፣ ሲመለሱም መኪናው በየሰዓቱ እንዲቆም ጠይቀው ወርደው ይራመዱ።

ባት በድንገት ካበጠና ከጠጠረ በዚያው ቀን ይታዩ። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የቆዳ ላይ ስር ፈንድቶ ከደማ ይተኙ፣ እግርዎን ከልብ በላይ ያንሱ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሳይለቁ 10 ደቂቃ ይጫኑት፤ በገመድ አይሰሩት።