የክፉ ቀን ስንቅ ሲያስቸግር፦ ጣሳ፣ ወተት፣ ቋንጣና ቅቤ

ባለፈው ክረምት ጓዳ ሳጸዳ ከአልጋ ሥር አንድ ካርቶን ጎትቼ አወጣሁ። መንገድ ቢዘጋ፣ ዋጋ ቢሰቀል ይሆናል ብዬ ያኖርኩት ነው። ዝገት የጀመረው ሰርዲን፣ የጓጎለ የዱቄት ወተት፣ አንድ ሆዱ የተነፋ ጣሳ። ግማሹን ጣልኩት። ከጣልኩት ውስጥ ደህናም እንደነበረበት በኋላ ነው የገባኝ። የተማርኩትን እነሆ፤ እናንተ ጓዳ ካለው ምልክት ጀምሩ።

ጣሳው አብጧል

ክዳኑን በአውራ ጣት ጫን ስትሉት ጧ ብሎ ገብቶ ይመለሳል። ወይ ጭራሽ አልገባም ይላል። ውስጡ ጋዝ ተፈጥሯል ማለት ነው። ሲታሸግ ያልሞቱ ወይም በቀጭን ቀዳዳ የገቡ ጀርሞች ናቸው ጋዙን የሚሠሩት። ከነሱ ሁሉ ክፉው ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። አየር የሌለበት ቦታ ይመቸዋል፤ ሥጋና ዓሣ ደግሞ ይወዳል። መርዙ ነርቭን ያሽመደምዳል። ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ስለሚችል «እስቲ ቅመሰው» የሚባል ነገር የለም።

መፍትሄው መጣል ብቻ ነው። አትክፈቱት፣ አትብሱት፤ ይረጫል። በሁለት ፌስታል እሰሩትና ላዩ ላይ በማርከር «መርዝ» ብላችሁ ጻፉ። ለውሻ አይሰጥም። ለቆራሌው ከሚሸጥ ዕቃ ጋርም አይደባለቅ፤ የተራበ ሰው እጅ ሊገባ ይችላል። ደህና መስሎ ሲከፈት ፈሳሹ ፊጭ ብሎ የሚወጣ ጣሳም ፍርዱ ያው ነው።

የተነፋው የላስቲክ ወይም የፎይል ከረጢት ከሆነ ግን ቶሎ አትደንግጡ። ባሕር ጠለል ላይ የታሸገ ዕቃ ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ ሲደርስ ከ2,300 ሜትር በላይ ወጥቷል። እዚህ አየሩ ሳሳ ስለሚል ውስጡ ያለው አየር ይለጠጣል። ቺፕስ ከረጢት ላይ ሁላችንም ያየነው ነገር ነው። ከተገዛበት ቀን ጀምሮ እንደዚያው ከሆነና ዱቄቱ ደረቅ ከሆነ ከፍታው ነው። ጓዳችሁ ከገባ በኋላ ማበጥ ከጀመረ ግን ጣሉት። ለብረት ጣሳ ይህን ሰበብ አትስጡት።

በዚያው ከፍታ ምክንያት አንድ ነገር ልጨምር። ሥጋ ቀቅሎ በጠርሙስ አሽጎ ማስቀመጥ የሚሞክሩ ሰዎች አሉ። የቦቱሊዝሙን ባክቴሪያ ዘር ለማጥፋት ፋብሪካ ሙቀቱን ወደ 121 ዲግሪ ያደርሰዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው 92 አካባቢ ነው። ቀኑን ሙሉ ብታፈሉት ከዚያ አያልፍም። ወጥ የምንሠራበት ፕሬዠር ኩከርም ለዚህ ሥራ አይታመንም። ሥጋ ማቆየት ከፈለጋችሁ አያቶቻችን የሚያውቁት መንገድ አለ፤ እመጣበታለሁ።

ቱናው ውስጥ ጠርሙስ አለ!

ልጄ ናት እንዲህ ብላ የጮኸችው። ከሰላጣው ውስጥ ሩዝ የምታክል፣ ጥርት ያለች ስባሪ በጣቷ ይዛለች። እኔም ሳህኑን ላነሳ ስል ባለቤቴ ስባሪዋን ማንኪያ ላይ አድርጎ ለብ ያለ የሎሚ ጭማቂ ጨመረባት። ቡና እስኪቀዳ ድረስ ማንኪያው ላይ ምንም አልቀረም።

ጠርሙስ በሎሚ አይሟሟም። ያ ነገር ስትሩቫይት የሚባል ማዕድን ነው። ከዓሣው ሥጋ የሚወጡ ማግኒዚየምና ፎስፌት ጣሳው ውስጥ ሲቆዩ እንደ ብርጭቆ ይረጋሉ። ጉዳት የለውም። ካልሟሟ ግን እውነትም ጠርሙስ ሊሆን ይችላልና ምግቡን ተዉት። የጣሳው ግድግዳ ውስጡ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥላ ካጠላበትም፣ የሥጋው ድኝ ከብረቱ ጋር ተገናኝቶ ነው። ሥጋው ደህና ከሸተተ ይበላል።

ቀኑ ገና ነው፣ ጣዕሙ ግን ሞቷል

መጀመሪያ የምጠረጥረው ጣሳውን አይደለም፣ አንባቢውን ነው። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 2026 የሚለውን በእኛ ካነበባችሁት ገና ብዙ ዓመት ያለው ይመስላል፤ በእኛ 2018 ነው፣ ከመስከረም በኋላ ከሆነ 2019። ሁለተኛው ወጥመድ የቁጥሩ ቅደም ተከተል ነው። 03/08 ለአሜሪካ መጋቢት አካባቢ፣ ለአውሮፓ ደግሞ ነሐሴ አካባቢ ይሆናል። ካልለያችሁ ቅርቡን ውሰዱ።

መፍትሄው ማርከር ነው። ከሱቅ እንደገባችሁ በእኛ ወርና ዓመት ክዳኑ ላይ በትልቁ ጻፉ፤ ቅርቡን ከፊት፣ ሩቁን ከኋላ ደርድሩ። የሥጋና የዓሣ ጣሳ ጤነኛ ከሆነና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ከተቀመጠ ከ2 እስከ 5 ዓመት ጥራቱን ይይዛል። ቀዝቀዝ ያለ ስል ከ29 ዲግሪ በታች ማለቴ ነው። ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያና የጣራ ቆርቆሮ ሥር ያለው ቆጥ አይሆኑም። ሲሚንቶ ወለል ላይ በቀጥታ ማስቀመጥም ዝገት ይጠራል፤ ከሥሩ ጣውላ አድርጉበት።

ዝገቱ በጨርቅ ሲጠረግ ከለቀቀ ችግር የለም። ብረቱን በልቶ ጎድጎድ ካደረገው ይጣላል። የተሰረጎደ ጣሳም እንዲሁ ነው፤ ወገቡ ላይ ቀለል ያለ ከሆነ ግድ የለም። ክዳኑ የሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ከሆነ ወይም ጣት የሚያስገባ ያህል ከጠለቀ፣ በቅናሽ ቢሸጡላችሁም አትግዙት።

የዱቄት ወተቱ ጓጉሏል፣ ወይም ቀለም ቀለም ይሸታል

ሁለቱ የተለያየ በሽታ ናቸው። መጓጎል እርጥበት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ከሚተን ሻይ ላይ ወደ ጣሳው የሚመለሰው ማንኪያ ነው። እብጠቶቹ በጣት ሲነኩ ከፈረሱና ሽታው ደህና ከሆነ ይጠጣል። ከጠነከረ፣ ከሻገተ ወይም መልኩ ቡናማ ከሆነ ይጣላል።

የቀለም ወይም የአሮጌ ዘይት ሽታ ግን የቅባቱ ነው። ሙሉ ቅባት ያለው ወተት አየርና ሙቀት ሲያገኘው ስቡ ይበላሻል። አክስቴ ከጅዳ ያመጣችልን ትልቅ ጣሳ እንዲያ ሆነ፤ ለበዓል እንቆጥበው እያልን በየሳምንቱ ከፍተን እያየን ገደልነው። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ስቡ የወጣለትን ግዙ፤ እሱ የበለጠ ይቆያል። ሙሉ ቅባቱን ከወደዳችሁ ትንንሹን ጣሳ ግዙና ከተከፈተ በአንድ ወር ጨርሱት። ማንኪያው ደረቅ ይሁን።

የካርቶን ወተት ላይ ቅባቱ ቢንሳፈፍ ነቅንቁት። እንደ እርጎ ከረጋ አይጠጣም። ጣፋጩ የጣሳ ወተት ሲያረጅ ይጠቁራል፣ ይወፍራል፤ ይህ የስኳሩ ነው። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ተራ የዱቄት ወተትም ይህኛውም አይሆንም። የሚጠባ ልጅ ያለበት ቤት የሕፃን ወተቱን ለብቻ ያስብ።

ቋንጣው ለስልሷል፣ ቅቤው አናቱ ሻግቷል

ሁለቱም ውስጥ ውሃ ቀርቷል። ቋንጣ ወፍሮ ከተዘለዘለ ውጪው ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ይቀራል። በክረምት መስቀልም ራስን ማድከም ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ አየር ይሻላል። ቀጭን ዘልዝሉ፣ ጨውና በርበሬ አትንፈጉት፣ ነፋስ በሚያልፍበት ስቀሉት። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ አልደረሰም። ጠርሙስ ውስጥ ከከተታችሁት በመጀመሪያው ሳምንት ግድግዳውን እዩ፤ ጤዛ ካለ አውጡና እንደገና አድርቁት። የሻገተውን ግን ጣሉት፤ ጠርጎ መብላት አያዋጣም።

ቅቤውም ሲነጠር ተቻኩላችኋል። አረፋው ወርዶ መንጨርጨሩ ዝም እስኪል ጠብቁ። አጥልሉት፣ ታጥቦ የደረቀ ዕቃ ውስጥ ጨምሩት፣ ብርሃን ከማያገኘው ቦታ አኑሩት። የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ ለአዲስ አበባ ቤት ጥሩ ቋንጣና በደንብ የተነጠረ ቅቤ ከውድ የጣሳ ሥጋ ይበልጣሉ።

ጣሳው ደህና ነው፣ የሚበላው የለም

ይሄ ነው ዋናው ብልሽት። ርካሽ የተባለው የጣሳ ሥጋ የአሳማ ሆኖ ይገኛል። ወይም «ማን አረደው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቤት ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ከዚያ ጾሙ አለ። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ ብቻ 55 ቀን። በሳምንት ሁለት ጣሳ እንበላለን ብሎ ለዓመት የገዛ ጿሚ ቤት ሲቆጥረው ግማሹ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ጽሑፉን ሱቅ ውስጥ እያላችሁ አንብቡ። አንዱን ጣሳ መጀመሪያ ቤት ቅመሱት፤ ካልተወደደ ሁለተኛ አይገዛም። ቀኑ የቀረበውን ጾም ከመግባቱ በፊት አብሉት፣ የፈሰከ ቀን አዲስ ግዙ። መጠኑም ለአንድ ገበታ የሚያልቅ ትንሹ ይሁን። መብራት ከጠፋ የተከፈተ ትልቅ ጣሳ ማቆያ የለውም።

ወተቱ አለ፣ ውሃው የለም

አንድ ኪሎ ሙሉ ቅባት ዱቄት ሰባት ስምንት ሊትር ወተት ይወጣዋል፤ ውሃው ከተገኘ። በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ሆናችሁ ዱቄት ብቻ አትቁጠሩ። ጀሪካኑን ሙሉ አድርጉ፣ ውሃውንም አፍልታችሁ ወተቱን በጥብጡበት።

እና መክፈቻ። የቆርቆሮ ጣሳ በ1810 እንግሊዝ አገር ፓተንት ሲወጣለት መክፈቻ ገና አልተፈጠረም ነበር፤ ሰው ከአርባ ዓመት በላይ በመዶሻና በመሮ ሲከፍት ኖሯል። እኛም ቤት አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በቢላዋ ስንታገል ነበር። አሁን አንድ መክፈቻ በሲባጎ ከካርቶኑ ጋር ታስሯል።