ኮዱ አለ፣ ድምፁ የለም፦ ስክሪን ሪደር ለሚጠቀሙ ፕሮግራመሮች ችግርና መፍትሄ

ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ስክሪን ሪደር የሚሠራ፣ ማየት የተሳነው ፕሮግራመር ሥራው ሲጓተትበት በዙሪያው ያሉ ሰዎች ምክንያቱን የሚፈልጉት እሱ ዘንድ ነው። በአብዛኛው ግን ጥፋቱ የመሣሪያው ነው። ኮድ የሚጻፍበት ኤዲተር የሚያሳየውን አይናገርም፣ ትዕዛዝ የሚጻፍበት ተርሚናል የማያስፈልገውን ይለፈልፋል፣ ስህተቱ በቀይ ተሰምሮበት ዝም ይላል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በአንድ ቁልፍ ወይም በአንድ ሴቲንግ ይፈታሉ። የቀሩት ደግሞ መሣሪያውን የሠራው ሰው ካልነካቸው በቀር አይፈቱም፤ ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ዓይናማ የሶፍትዌር ባለሙያዎችም ቢያነቡት እመኛለሁ።

መመሪያው በዋናነት በዊንዶውስ ላይ ኤንቪዲኤ የተባለውን ስክሪን ሪደርና ቪኤስ ኮድ የተባለውን ኤዲተር ለሚጠቀም ሰው ነው። ኤንቪዲኤን የመረጥኩት በነፃ ስለሚገኝ ብቻ አይደለም። በ2006 ማይክል ከራን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ የጀመረው፣ አብዛኛው ክፍሉም በፓይተን የተጻፈ ሶፍትዌር ነው። ኮድን በጆሮው የሚያነብ ሰው ለራሱና ለመሰሎቹ የሠራው መሣሪያ ነው ማለት ነው። ከዚህ በታች «የኤንቪዲኤ ቁልፍ» ስል ኢንሰርትን፣ ወይም በሴቲንግ ከመረጡት ካፕስ ሎክን ማለቴ ነው።

በቅድሚያ፦ የተበጠሰው የቱ ጋ ነው?

አንድ መስመር ኮድ ጆሮ ላይ እስኪደርስ በሦስት እጅ ያልፋል። ኤዲተሩ ጽሑፉን ለዊንዶውስ የተደራሽነት ሥርዓት ያስረክባል፤ ስክሪን ሪደሩ ከዚያ ይወስዳል፤ በመጨረሻ ድምፅ ሰጪው ፕሮግራም ወደ ንግግር ይለውጠዋል። የማይነበበውን መስመር ቀድተው ኖትፓድ ላይ ይለጥፉት። እዚያ በደንብ ከተነበበ ችግሩ የኤዲተሩ ነው። እዚያም ዝም ካለ የስክሪን ሪደሩ ወይም የድምፅ ሰጪው ነው። ይህን ሳይለዩ ሴቲንግ መነካካት ቀን ያስመሻል፤ አልፎ ተርፎም ደህና የነበረውን ያበላሻል።

ምልክት፦ በፋይሉ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ስሄድ ምንም አይነበብም፣ ወይም «ባዶ» ይላል

ቪኤስ ኮድ ጽሑፉን ስክሪኑ ላይ የሚስለው በራሱ መንገድ ነው። ለስክሪን ሪደር የሚሆነውን ጽሑፍ አሟልቶ የሚያቀርበው ስክሪን ሪደር መኖሩን ሲያውቅ ብቻ ነው። በአብዛኛው ራሱ ያውቃል፤ ኤንቪዲኤ ዘግይቶ ሲነሳ ግን ሊያመልጠው ይችላል።

ሺፍት፣ ኦልትና ኤፍ 1ን አንድ ላይ ይጫኑ፤ የስክሪን ሪደር ሁኔታው ይበራል ወይም ይጠፋል። ነገሩን ለዘለቄታው ለመጨረስ በሴቲንግ ውስጥ «አክሰሲቢሊቲ ሰፖርት» የሚለውን ፈልገው «ኦን» ያድርጉት። አሁንም ካልተነበበ ኤንቪዲኤ ኤዲተሩን እንደ ድረ ገጽ እያሰሰው ሊሆን ይችላል፤ የኤንቪዲኤን ቁልፍ ከስፔስ ጋር ተጭነው ወደ ፎከስ ሁኔታ፣ ማለትም የሚጫኗቸው ቁልፎች በቀጥታ ወደ ኤዲተሩ ወደሚደርሱበት ሁኔታ፣ ይመልሱት።

ረጅም ፋይል ከላይ እስከ ታች ሲያስነብቡ መሃል ላይ የሚያቆም ከሆነ ደግሞ «አክሰሲቢሊቲ ፔጅ ሳይዝ» የሚለው ቁጥር ነው የሚገድበው። ኤዲተሩ በአንድ ጊዜ ለስክሪን ሪደሩ የሚያቀብለውን የመስመር ብዛት ይወስናል። ማሳደግ ይቻላል፤ ከመጠን በላይ ካሳደጉት ግን ኤዲተሩ ይንቀረፈፋል።

ምልክት፦ ኮዱ በትክክል ይነበባል፣ ፕሮግራሙ ግን የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል

ይህ በፓይተን ለሚጽፍ ሰው ከሁሉም የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ምንም ነገር የተበላሸ አይመስልም።

የተማሪዎችን ውጤት የሚደምር ፈንክሽን እንውሰድ። አንደኛው መስመር ፈንክሽኑን ይሰይማል። ሁለተኛው ድምሩን ዜሮ ያደርጋል። ሦስተኛው «ፎር» ብሎ በተማሪዎቹ ላይ መዞር ይጀምራል። አራተኛው የእያንዳንዱን ውጤት ወደ ድምሩ ይጨምራል። አምስተኛው «ሪተርን» ብሎ ድምሩን ይመልሳል። ይህ አምስተኛ መስመር ከ4 ክፍት ቦታ በኋላ ከጀመረ ሁሉም ተማሪዎች ይደመራሉ። ከ8 ክፍት ቦታ በኋላ ከጀመረ ግን የመጀመሪያው ተማሪ እንደተደመረ ፈንክሽኑ ያበቃል። ፓይተን ሁለቱንም ያለ ቅሬታ ይቀበላል። ዓይናማው በጨረፍታ ይለያቸዋል፤ ጆሮ ላይ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው።

ምክንያቱ ኤንቪዲኤ ሲጫን የመስመር መግቢያን፣ ማለትም ከመስመሩ መነሻ ላይ ያለውን ክፍት ቦታ፣ የማይናገር መሆኑ ነው። የኤንቪዲኤን ቁልፍ ከኮንትሮልና ከዲ ጋር ተጭነው የዶክዩመንት ፎርማቲንግ ሴቲንግን ይክፈቱና «ላይን ኢንደንቴሽን ሪፖርቲንግ» የሚለውን ይፈልጉ። በንግግር፣ በቃና ወይም በሁለቱም ማድረግ ይቻላል። ለጀማሪ ሁለቱም ይሻላሉ። ጆሮ ከለመደ በኋላ ግን ቃናውን ብቻ እንዲያስቀሩ አጥብቄ እመክራለሁ። «8 ስፔስ» የሚለው ንግግር ከእያንዳንዱ ለውጥ ፊት እየተደነቀረ ሐሳብ ይበትናል፤ ቃናው ግን ከኮዱ ጋር አብሮ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ክፍት ቦታ ልክ ይቀጥናል፤ አንድ ታብ እንደ 4 ክፍት ቦታ ይቆጠራል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ኤንቪዲኤ የሚያሰማው መግቢያው ሲለወጥ ብቻ ነው። በምሳሌያችን አራተኛው መስመር ላይ ቃናው ይቀጥናል፣ አምስተኛው ላይ ወፈር ብሎ መውረድ አለበት። አምስተኛው ላይ ምንም ቃና ካልሰሙ «ሪተርን» ገና ዑደቱ ውስጥ ነው ማለት ነው። ስህተቱን የሚነግርዎ ዝምታው ነው።

ምልክት፦ ቅንፎችና ሰሚኮለኖች አይጠሩም

የኤንቪዲኤ የምልክት ንባብ ደረጃ ከመነሻው ለተራ ጽሑፍ የተቃኘ ነው። የኤንቪዲኤን ቁልፍ ከፒ ጋር ደጋግመው ሲጫኑ ደረጃው ይቀያየራል፤ ለኮድ «ሞስት» ወይም «ኦል» ያስፈልጋል። ነገር ግን በዚሁ ደረጃ ኢሜይል ማንበብ ያሰለቻል። ስለዚህ ቪኤስ ኮድ ተከፍቶ ሳለ የኤንቪዲኤን ቁልፍ ከኮንትሮልና ከፒ ጋር ይጫኑና ለዚያ ፕሮግራም ብቻ የሚሠራ ፕሮፋይል ይፍጠሩ። ወደ ኤዲተሩ ሲገቡ ራሱ ይበራል፣ ሲወጡ ይጠፋል። የመግቢያውንም ቃና በዚሁ ፕሮፋይል ውስጥ ያኑሩት። የምልክቶቹ ስም ከረዘመብዎ በምልክት አጠራር ሴቲንግ ውስጥ ማሳጠር ይቻላል፤ በቀን ሺህ ጊዜ ለሚሰማ ቃል አንድ ቀለም መቀነስ ቀላል ነገር አይደለም።

ምልክት፦ በአማርኛ የተጻፈው ማብራሪያ ጭራሽ አይነበብም

የእንግሊዝኛ ድምፅ የግዕዝ ፊደልን አያውቅም፤ ያልፈዋል። ከኤንቪዲኤ ጋር አብሮ የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ የአማርኛ ድምፅ አለው። አነባበቡ የማሽን ነው፣ ለጆሮም ደረቅ ነው፤ ግን ያነባል። የኤንቪዲኤን ቁልፍ ከኮንትሮልና ከኤስ ጋር ተጭነው ድምፅ ሰጪውን ወደ እሱ ይቀይሩ፣ ከዚያ በድምፅ ሴቲንግ ውስጥ አማርኛን ይምረጡ።

ምልክት፦ ኮዱ ልክ ነው፣ ፓይተን ግን «ኢንቫሊድ ካራክተር» ይላል

ይህ የእኛው ችግር ነው፤ በሌላ አገር መመሪያ ውስጥ አያገኙትም። ማብራሪያውን በአማርኛ ጽፈው ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ሳይመልሱ ቀጥለዋል። በእንግሊዝኛው ኮለን ፈንታ ሁለት ነጥብ፣ በሰሚኮለን ፈንታ ድርብ ሰረዝ ገብቷል። ዓይናማም ይሳሳትባቸዋል፤ ስክሪን ሪደሩ ደግሞ ላይጠራቸው ይችላል።

ጠቋሚውን የተጠረጠረው ምልክት ላይ አድርገው በቁጥር መደቡ ላይ ያለውን 2 ሦስት ጊዜ በፍጥነት ይጫኑ፤ የቁጥር መደብ በሌለው ላፕቶፕ የኤንቪዲኤ ቁልፍና ነጥብ ነው። ኤንቪዲኤ የምልክቱን መለያ ቁጥር ይናገራል። የእንግሊዝኛው ኮለን 58፣ ሰሚኮለኑ 59 ነው። 4961 ከሰሙ የአማርኛው ሁለት ነጥብ፣ 4964 ከሰሙ ድርብ ሰረዝ ነው። በአራት ሺህ ዘጠኝ መቶ ቤት የጀመረ ቁጥር የሰማ ሰው ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልገውም።

ምልክት፦ ስህተት እንዳለ የማውቀው ፕሮግራሙን ሳስነሳ ብቻ ነው

ቀይ መስመር ድምፅ የለውም። በቪኤስ ኮድ ኤፍ 8 ወደሚቀጥለው ስህተት ይወስድና መልዕክቱን ያነብባል፤ ከሺፍት ጋር ወደ ኋላ ይመልሳል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤም ሁሉንም በዝርዝር ያወጣል። ጠቋሚው ስህተት ያለበት መስመር ላይ ሲደርስ አጭር ድምፅ የሚያሰማ ምልክትም አለ፤ «ሊስት ሲግናል ሳውንድስ» የሚለውን ትዕዛዝ ጠርተው እያንዳንዱን ድምፅ ቀድመው ይስሙትና ይልመዱት።

የፓይተንን የስህተት ዘገባ ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ያንብቡ፤ የስህተቱ ዓይነት የመጨረሻው መስመር ላይ ነው። ከ3.11 ስሪት ጀምሮ ፓይተን ስህተቱን ለማሳየት ከመስመሩ ሥር ጭረቶች ይደረድራል፤ ስክሪን ሪደሩ «ካሬት፣ ካሬት፣ ካሬት» እያለ ይቆጥራቸዋል። «ፓይተን ኖ ዲበግ ሬንጅስ» የሚባለውን የአካባቢ ተለዋዋጭ፣ ቃላቱን ያለ ክፍተት በትልልቅ ፊደላት ጽፈው፣ 1 ካደረጉት ይጠፋሉ።

ምልክት፦ ተርሚናሉ አላቆም ብሎ ይለፈልፋል

አንድ ጥቅል፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁትን ኮድ፣ ሲጭኑ ተርሚናሉ መቶኛውን በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየሰረዘ ይጽፋል። ስክሪን ሪደሩ እያንዳንዱን እንደ አዲስ ዜና ይቆጥረዋል። ብዙ ፕሮግራሞች «እየሠራሁ ነው» ለማለት የሚያሽከረክሯት ትንሿ ምልክት ደግሞ ከብሬይል ነጥቦች የተሠራች ናት። ለዓይን ደስ የምትል ጌጥ ናት፤ ዓይነ ስውሩ ጋ ስትደርስ ግን ትርጉም የለሽ የነጥብ ቁጥር ሆና ትፈሳለች። ያሳዝነኛል፤ ብሬይል ለማን እንደተሠራ እናውቃለንና።

ለጊዜው የኤንቪዲኤን ቁልፍ ከ5 ጋር ይጫኑ፤ የሚለዋወጠውን ጽሑፍ ማንበብ ያቆማል። ሥራው ሲያልቅ በድጋሚ ተጭነው ይመልሱት። ለዘለቄታው ጩኸቱን ከምንጩ ያጥፉ፦ የፓይተን ጥቅሎችን የሚጭነው ፒፕ «ፕሮግረስ ባር ኦፍ» የሚል አማራጭ አለው፣ የጃቫስክሪፕት ጥቅሎችን በሚጭነው ኤንፒኤም ውስጥም «ፕሮግረስ»ን «ፎልስ» ማድረግ ይቻላል። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት ታሪክ ሲያሳይ በየገጹ ቆሞ ቁልፍ የሚጠብቅ ከሆነ «ኖ ፔጀር» በሚለው አማራጭ ያስኪዱት። የወጣውን ጽሑፍ ረጋ ብሎ ለማንበብ ቪኤስ ኮድ ተርሚናል ውስጥ ኦልትና ኤፍ 2ን ይጫኑ፤ እንደ ተራ ሰነድ በመስመር በመስመር የሚነበብ ገጽ ይከፈታል። በጣም ረጅም ለሆነ ውጤት ወደ ፋይል አዙሮ በኤዲተር መክፈትን የሚያክል የለም።

ምልክት፦ አንድሮይድ ስቱዲዮ ወይም ኢንተሊጄይ ሙሉ በሙሉ ዝም ይላል

እነዚህ በጃቫ የተሠሩ ናቸው፤ ከስክሪን ሪደር ጋር የሚያገናኛቸው ጃቫ አክሰስ ብሪጅ መብራት አለበት። በኤዲተሩ የአፒራንስ ሴቲንግ ውስጥ «ሰፖርት ስክሪን ሪደርስ» የሚለውን አብርተው ፕሮግራሙን ዘግተው ይክፈቱ።

መሣሪያ ለሚሠሩ

ከላይ ያሉት ሁሉ ተጠቃሚው ራሱ የሚያደርጋቸው ናቸው። ሁሉንም አድርጎም «በተን፣ በተን፣ በተን» ብቻ የሚሰማበት ፕሮግራም አለ፤ ቁልፎቹ ሥዕል ብቻ እንጂ ስም የላቸውም። ድረ ገጽ ከሆነ ለስክሪን ሪደር ስም በሚነግረው የኤችቲኤምኤል ባሕርይ፣ በኤሪያ ሌብል፣ ስም መስጠት የአንድ መስመር ሥራ ነው። ስህተትን በቀለም ብቻ አያመልክቱ፣ ቃሉንም ይጻፉት። የተርሚናል ፕሮግራም ከሠሩ ጌጡን የሚያስቀር አማራጭ ይስጡ፤ ውጤቱ ወደ ፋይል ሲዞር ደግሞ ጌጡ ራሱ ይጥፋ። ከመልቀቅዎ በፊት ኤንቪዲኤን ጭነው፣ ሞኒተሩን አጥፍተው፣ ማውሱን ነቅለው ዋናውን ሥራ አንድ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሥሩት። የሥራ ባልደረባዎ ዓይነ ስውር ከሆነ የስህተት መልዕክትን በፎቶ አይላኩለት፤ ጽሑፉን ቀድተው ይላኩለት።

ችግሩ የመሣሪያው ሆኖ ሲገኝ

ለሠሪዎቹ ይጻፉ፤ «አይነበብም» ብቻ ብለው ግን አይጻፉ። ምን እንደተጫኑ፣ ምን እንደሰሙ፣ ምን ሊሰሙ ይገባ እንደነበር ለየብቻ ያስቀምጡ። ለምሳሌ፦ «ኤፍ 8 ስጫን የመስመሩ ቁጥር ይነበባል፤ የስህተቱ መልዕክት ግን አይነበብም። ሁለቱም ሊነበቡ ይገባ ነበር።» በኤንቪዲኤ ቱልስ ማውጫ ውስጥ ያለው ስፒች ቪወር የተነገረውን ሁሉ በጽሑፍ ስለሚያስቀምጥ ከዚያ ቀድተው አያይዙ፤ ዓይናማ ፕሮግራመር ያልሰማውን ነገር እንዲያነበው ያደርጋል። የኤንቪዲኤን፣ የኤዲተሩንና የዊንዶውስን ስሪትም ይጨምሩ። ከመላክዎ በፊት የኤንቪዲኤን ቁልፍ ከኪው ጋር ተጭነው፣ ተጨማሪዎቹን አጥፍቶ እንደገና የሚያስነሳውን አማራጭ ይምረጡና ችግሩ ያኔም መኖሩን ያረጋግጡ።