ክላሲክ የሸራ ጀልባን ከትልቅ ዘመናዊ ጀልባ ጋር ሲያወዳድሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጠቅላላ ርዝመት ማወዳደር

የሽያጭ ማስታወቂያ መጀመሪያ የሚነግርዎት ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ርዝመት ነው። ፍጥነትን በዋናነት የሚወስነው ግን ውሃው ላይ ያረፈው ክፍል ርዝመት፣ ማለትም የውሃ መስመሩ ነው። የክላሲክ ጀልባ ፊትና ኋላ ከውሃው በላይ ተንጠልጥሎ ይወጣል። የዘመናዊው ፊት ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ርዝመቱ ከሞላ ጎደል ሁሉ ይሠራል። የውሃ መስመሩን ርዝመት በሜትር ወስደው ስኩዌር ሩቱን በ2.43 ቢያባዙት ጀልባው ያለ ብዙ ትግል የሚደርስበትን ከፍተኛ ፍጥነት በኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) ያገኛሉ።

ኮንቴሳ 32 የተባለውን ክላሲክ ጀልባ እንውሰድ። ጠቅላላ ርዝመቱ 9.75 ሜትር፣ የውሃ መስመሩ 7.3 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ 6.6 ኖት። በዚያው ጠቅላላ ርዝመት 9 ሜትር የውሃ መስመር ያለው ዘመናዊ ጀልባ 7.3 ኖት ይደርሳል። የውሃ መስመሩ 11.3 ሜትር የሆነ ትልቅ ዘመናዊ ጀልባ ደግሞ 8.2 ይደርሳል። ክላሲኩ ሲያጋድል ከተንጠለጠለው ክፍል የተወሰነው ውሃ ስለሚነካ ልዩነቱ ይጠባል እንጂ አይጠፋም። በቀላል ነፋስ ግን ይህ ስሌት ብዙም አይረዳም፤ እዚያ ላይ ዋናው የሸራው ስፋት ከክብደቱ ጋር ያለው ምጣኔና የታችኛው አካል ንጽሕና ነው።

«የሚበልጠው በ3 ሜትር ብቻ ነው» ማለት

ከ9 ወደ 12 ሜትር ሲያድጉ ርዝመቱ በሲሶ ይጨምራል። ቅርጹ ተመሳሳይ ከሆነ የሸራው ስፋት 1.8 እጥፍ፣ ክብደቱ ደግሞ 2.4 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ገመዱ፣ መልህቁ፣ ሰንሰለቱ፣ የታችኛው ቀለም ሁሉ አብሮ ያድጋል። በትንሹ ጀልባ በእጅ የሚወጠረው ሸራ በትልቁ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ኤሌክትሪኩም ባትሪ፣ ባትሪውም ቻርጅ። በጀቱን ከመግዣው ዋጋ ላይ ሳይሆን ከዚህ ላይ ይጀምሩ።

ወደብ ላይ ቆሞ ስለ መረጋጋት መፍረድ

በክላሲክ ጀልባ ጠርዝ ላይ ሲቆሙ ጀልባው ወደ እርስዎ ያጋድላል፤ ሰፊው ዘመናዊ ግን ብዙም አይነቃነቅም። ከዚህ ተነስቶ «ዘመናዊው የበለጠ የተረጋጋ ነው» የሚል ሰው የሁለት ነገር አንዱን ብቻ ነው ያየው። ስፋት የሚሰጠው መረጋጋት በመጀመሪያዎቹ ዲግሪዎች ጠንካራ ሆኖ ጀልባው በጣም ሲጋድል ይዳከማል። በኪሉ፣ ማለትም ከጀልባው ሆድ ወደ ውሃው በሚወርደው ከባድ ክንፍ፣ ውስጥ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ክብደት የሚሰጠው ደግሞ በመጀመሪያ ልስልስ ነው፤ ጀልባው ይበልጥ በተጋደለ ቁጥር እየበረታ ይሄዳል። ኮንቴሳ 32 ከ4.3 ቶን ክብደቱ 2 ቶን ያህሉ ኪሉ ውስጥ ነው፤ እስከ 150 ዲግሪ ገደማ ቢገለበጥም ራሱን ያቃናል። በብዙ ዘመናዊ ሰፋፊ ጀልባዎች ይህ ቁጥር ከ110 እስከ 130 ዲግሪ ነው። ሻጩን ይህን ቁጥር ይጠይቁት።

እ.ኤ.አ. በ1979 በማዕበል በተመታው የፋስትኔት የሸራ ጀልባ ውድድር 303 ጀልባዎች ተነስተው 15 ተወዳዳሪዎች ሲሞቱ፣ ከትንንሾቹ ምድብ ውድድሩን የጨረሰው አንድ ኮንቴሳ 32 ብቻ ነበር። ይህን ይዞ «የድሮው ሁልጊዜ ይበልጣል» ማለትም ሌላ ስህተት ነው። ከዚያ በኋላ በሞዴል ጀልባዎች በተደረጉ ሙከራዎች፣ ከፍታው የጀልባውን ርዝመት 30 በመቶ የሚያህል ተሰባሪ ማዕበል ከጎን ሲመታ ጀልባን ሊገለብጥ እንደሚችል ታይቷል። ለ8 ሜትር ጀልባ ይህ 2.4 ሜትር ነው፤ ለ12 ሜትር ጀልባ 3.6 ሜትር። ትልቅነት ራሱ ጥበቃ ነው።

ሁለቱንም በአንድ ዓይነት መንገድ መንዳት

ጠባቡ ክላሲክ 20 ወይም 25 ዲግሪ አጋድሎ ይመቸዋል። ሰፊው እንዲህ ሲያጋድል መሪው ከፊሉ ከውሃ ይወጣና ጀልባው ከእጅ አምልጦ ወደ ነፋሱ ይዞራል። ዘመናዊዎቹ ላይ ሁለት መሪ የሚገጠመው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በዘመናዊው ላይ ሸራውን ቀደም ብለው ይቀንሱ።

የድሮውን ብቻ መመርመር

የድሮውን ሰው ሁሉ ይጠራጠረዋል፤ በትክክልም። ዴኩን፣ ማለትም የጀልባውን የላይኛውን ወለል፣ በፕላስቲክ መዶሻ በየ10 ሳንቲሜትሩ ያንኳኩ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ጤና ነው፣ የታፈነ ድምፅ ግን በፋይበርግላሱ መካከል ያለው ባልሳ (ቀላል እንጨት) ወይም ኮምፔንሳቶ ውሃ ጠጥቶ መበስበሱን ይጠቁማል። ምሰሶውን የያዙት የብረት ገመዶች ከ10 እስከ 15 ዓመት ካለፋቸው መቀየሪያቸውን ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ። ገመዶቹ የሚታሰሩባቸውን ብረቶች ዴኩን ሰንጥቀው በሚያልፉበት ቦታ አስፈትተው ይዩ፤ የማይዝግ የሚባለው ብረት አየር በማያገኝበት እርጥብ ጉድጓድ ውስጥ ይበላል።

ዘመናዊው ደግሞ ውበቱ ያዘናጋል። ኪሉ በቡሎን የታሰረ ነው። መሬት ሲመታ የኪሉ የኋላ ጠርዝ የጀልባውን ወለል ወደ ላይ ይገፋል፤ ስለዚህ የወለሉን ሳንቃ አንስተው በዚያው ቦታ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ፣ የተላቀቀ ማጠናከሪያ ወይም በዳዶዎቹ ዙሪያ የዝገት ዕንባ መኖሩን በባትሪ መብራት ይፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ቺኪ ራፊኪ የተባለው ጀልባ አትላንቲክ ላይ ኪሉ ወልቆ 4 ሰዎች ሞተዋል። መርማሪዎች ከዚያ በፊት መሬት መንካቱና የተደረጉለት ጥገናዎች አካሉን አዳክመውት ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል። ሞተሩ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው የጀልባውን ወለል በስቶ በሚወርድ እግር (ሴይልድራይቭ) ከሆነ፣ በእግሩ ዙሪያ ውሃ እንዳይገባ የሚያግደው የጎማ ማሸጊያ መቼ እንደተቀየረ ደረሰኝ ይጠይቁ፤ ቮልቮ ፔንታ በየ7 ዓመቱ እንዲቀየር ይመክራል።

ሞተሩን ወደፊት ብቻ መሞከር

ረጅም ኪል ያለው ክላሲክ ወደ ኋላ ሲሄድ መሪውን እምብዛም አይሰማም፤ ፕሮፔለሩ ኋላውን ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል። የትኛው ጎን እንደሆነ ሰው በሌለበት ሰፊ ውሃ ላይ ይወቁና ሁልጊዜ በዚያ ጎን ለመቆም ያቅዱ። ዘመናዊው በዚህ ረገድ በጣም ይቀላል፤ ነገር ግን ከፍ ያለው ጎኑ ነፋስ ስለሚይዝ ፊቱ በፍጥነት ይገፋበታል።

በጸጥታ ቀን መሞከር

ከ15 እስከ 20 ኖት ነፋስ ባለበት ቀን ሁለቱንም በተመሳሳይ ቦታ ይውሰዷቸው። ቢያንስ አንድ ሰዓት ነፋሱን እየተቃወሙ ይሂዱ፤ የዘመናዊው ጠፍጣፋ ፊት ማዕበሉን ሲደበድብ፣ ክላሲኩ ደግሞ ሰንጥቆ ሲያልፍና ዴኩን ሲያረጥብ በራስዎ ይሰማዎታል። ከዚያ ወደ ውስጥ ወርደው ማብሰያው አጠገብ እጅዎን ለቀው ለመቆም ይሞክሩ። ሰፊው ክፍል መያዣ ከሌለው ሰው ከጥግ እስከ ጥግ ይወረወራል፤ ስለዚህ መያዣዎቹን ይቁጠሩ፣ በመኝታውም ላይ ጀልባው እያጋደለ ተኝተው ይዩት።