የተፋቀ አስፋልት ላብራቶሪ ሲገባ የሚሠሩ ስህተቶች

ከአሮጌ መንገድ ላይ የተፋቀ አስፋልት ጠጠር ብቻ አይደለም፤ ያረጀ ሬንጅ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። የአፈር ምርመራ የለመዱ ልጆች ይህን ይረሱታል።

ትልቁ ጥፋት ኦቨን ላይ ነው። ለአፈር 110 ዲግሪ ለምደዋል፤ የተፋቀውንም በዚያው ሙቀት ያስገቡትና ወደ ቤታቸው። ጠዋት ትሪው ሲወጣ እንደ ድፎ ዳቦ አንድ ላይ ተጋግሯል። ልጁ በማንኪያ ይፈነቅልና ወንፊት ላይ ያፈሰዋል። ከዚያ «ኢንጂነር፣ ደቃቅ የለውም እኮ!» ይለኛል። አለው እንጂ! ከትልልቁ ጋር ተጣብቆብህ ነው። ሬንጁም ሌሊቱን ሲጠበስ አድሮ ከመጣው በላይ ደርቋል። ስንቴ ልናገር? ከ60 ዲግሪ አትለፉ። ትሪው ላይ በስሱ ዘርጉት፤ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም እየመዘናችሁ ጠብቁ። የቸኮለ አፈር ይመርምር።

ናሙና ከክምሩ ጫፍ አትዝገኑ። ትልልቁ ወደ ግርጌ ተንከባሎ ይወርዳል፣ ላይኛውን ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ከርመዋል። ከተለያየ ቦታ ቆፍራችሁ አውጡ።

ለቀዝቃዛ ሪሳይክል፣ ማለትም ሳይሞቅ መልሶ ለመጠቀም፣ ከነሬንጁ ተነፍቶ የተገኘው ውጤት ይሠራል። ለትኩስ ቅልቅል ግን ሬንጁ ከወጣለት በኋላ የቀረው ጠጠር ነው የሚነፋው። ሁለቱን ያምታታ ሪፖርት ስንት መለስኩ!

በ538 ዲግሪ ምድጃ ሬንጁን አቃጥሎ ሲያበቃ «ፔኔትሬሽኑን እንለካ»፣ ማለትም መርፌ ሬንጁ ውስጥ ስንት ይሰምጣል እንበል፣ ያለኝም አለ። ምኑን?

በፎም (አረፋ በሆነ ሬንጅ) ወይም በኢመልሽን (ውሃ ውስጥ በተበተነ ሬንጅ) የተሠራውን ናሙና ጥንካሬውን ለመለካት እንደተሠራ ወዲያው አትስበሩ። 40 ዲግሪ ላይ 3 ቀን ይቆይ። ግማሹን ደግሞ 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ዘፍቃችሁ ስበሩት፤ ደረቁ ብቻ ስለ ክረምቱ አይነግራችሁም።

እኔስ? ጀማሪ ሳለሁ በሶልቬንት፣ ሬንጅ በሚያሟሟ ፈሳሽ፣ አውጥቼ ያጣራሁት ሬንጅ ፔኔትሬሽኑ 70 መጣ። መርፌው 7 ሚሊሜትር ሰመጠ ማለት ነው። ስንት ዓመት ፀሐይ ሲመታው የኖረ ሬንጅ እንዴት እንደ አዲስ ይለሰልሳል ብዬ አልጠየቅኩም። ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። አለቃዬ ቆርቆሮዋን አነሳ፣ አሸተታት፣ ምንም ሳይል ወደ አፍንጫዬ አስጠጋት። ሶልቬንቱ ገና አልወጣላትም ነበር። እንደገና ሳጣራው 22 ሆነ።